ድምፁ ከባቡሩ ጋር እንዲሄድ፦ ለሞዴል ባቡር ገበታ ተንቀሳቃሽ ድምፅ አገጣጠም

ከገበታው ሥር አንድ ስፒከር አስሮ የባቡር ድምፅ መልቀቅ ማንንም አያቅተውም። ባቡሩ ከግራ ተነስቶ ወደ ቀኝ ሲያልፍ ግን ድምፁ እዚያው ተተክሎ ይቀራል፤ ዓይን ከባቡሩ ጋር ሲሄድ ጆሮ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ለማስተካከል ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ስፒከሩን ከነዲኮደሩ (ድምፁን ከሚያወጣው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር) ሎኮሞቲቩ ውስጥ መክተት ነው። ድምፁ ያለ ምንም ዘዴ ከባቡሩ ጋር ይጓዛል። ሆኖም 1:87 ልኬት ባለው (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ባነሰ) ሎኮሞቲቭ ውስጥ የሚገባው ስፒከር 11 በ15 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጡሩምባውን እንጂ የሞተሩን ጉርምርምታ አያወጣም፤ ለእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ዲኮደር መግዛትም ኪስ ይጎዳል። ሁለተኛው ከገበታው ሥር በተደረደሩ አራት ስፒከሮች መካከል ድምፁን ቀስ እያሉ ማሻገር ነው። አንዴ ከተገጠመ ለማንኛውም ሎኮሞቲቭ ያገለግላል። እዚህ የምናሳየው ይህንኛውን ነው።

ምሳሌ አድርገን የያዝነው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ 3 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ገበታ ሲሆን በተራ የዲሲ መቆጣጠሪያ የሚነዳ አንድ ባቡር ይመላለስበታል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አንድ አርዱኢኖ ናኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ)፤ ሁለት ዲኤፍፕሌየር ሚኒ (ከሜሞሪ ካርድ ድምፅ የሚያጫውት ሰሌዳ)፣ ከ32 ጊጋ ባይት ካልበለጡ ሁለት ሜሞሪ ካርዶች ጋር፤ ሁለት ኤምሲፒ4251 ዲጂታል ፖቴንሽዮሜትር (በፕሮግራም የሚታዘዝ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ ቺፕ)፣ ባለ 10 ኪሎ ኦሙ (አንዱ ሁለት መስመር ይይዛል)፤ ሁለት ፓም8403 አምፕሊፋየር፣ የድምፅ መዘውር ያለበት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ አራት ባለ 8 ኦም፣ 3 ዋት፣ 77 ሚሊ ሜትር ስፒከር፤ ስድስት ቲሲአርቲ5000 ሴንሰር (ብርሃን ልኮ ነጸብራቁን የሚያይ)፤ ሁለት ፒሲ817 ኦፕቶካፕለር (ሲግናልን በብርሃን የሚያሻግር ቺፕ)፤ 5 ቮልት 3 አምፔር የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ። ከዚህ ሌላ አምስት ባለ 1 ኪሎ ኦም እና ሁለት ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ እንዲሁም ሁለት የ10፣ አንድ የ100 እና ሁለት የ1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር።

ስፒከሮቹን መትከል

ከገበታው ግራ ጫፍ ለክታችሁ 15፣ 105፣ 195 እና 285 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ። በሁለት ስፒከሮች መካከል 90 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ቁጥሩ የዘፈቀደ አይደለም። ተመልካቹ 80 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲቆም ሁለቱ ስፒከሮች በግምት 60 ዲግሪ ተራርቀው ይገኛሉ። ከዚያ በላይ ሲራራቁ መሐል ላይ ድምፅ አልባ ጉድጓድ ይፈጠራል፤ ባቡሩ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ለሁለት የተሰነጠቀ ይመስላል።

ፕላይውዱን በትራፓኖ ባለ 6 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ አሥራ ሁለት ያህል ቦታ ብሱና ከላዩ ወለል የሌለው ቤት ወይም ቁጥቋጦ አድርጉበት። ስፒከሩ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ከሥር ይታሰራል። በስፒከሩ ጠርዝና በእንጨቱ መካከል የስፖንጅ ቴፕ ዙሪያውን ይለጠፍ፤ ከጀርባው ደግሞ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ ምግብ መያዣ ይደፋበት። ያለዚህ ሣጥን የስፒከሩ የፊትና የኋላ ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋና ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ብዙ ሰው ስፒከሩ ርካሽ ስለሆነ ነው ብሎ ሌላ ለመግዛት ይሮጣል፤ የጎደለው ግን ሣጥኑ ነው።

ከመዝጋታችሁ በፊት የ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት አስነኩት። የባትሪው ፖዘቲቭ ከስፒከሩ ቀይ ጫፍ ጋር ሲነካ ወረቀቱ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። አራቱም አንድ ዓይነት መሆናቸውን አረጋግጡ። አንዱ ከተገለበጠ ባቡሩ ከእሱ ወደ ጎረቤቱ ሲሻገር ድምፁ መሐል ላይ ይሟሟል፤ በኋላ ፕሮግራሙ ውስጥ ስህተት ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

የድምፅ ፋይሎች

ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው የሚሠራው። ሐዲድ ዳር ቆሞ የተቀረፀ ባቡር አትጠቀሙ። እንዲህ ያለው ቅጂ መቅረቡንና መራቁን በራሱ ይዟል፤ እናንተም እንደገና ስታንቀሳቅሱት ሁለት ጊዜ ያልፋል። የጡሩምባው ቃናም ይበላሻል፦ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ባቡር ሲቀርብ ጡሩምባው 5 በመቶ ያህል ይቀጥናል፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ በዚያው መጠን ይወፍራል። የሚያስፈልገው ከሎኮሞቲቩ እኩል ርቀት እየተጠበቀ፣ ወይም ሎኮሞቲቩ ላይ ሆኖ የተቀረፀ ድምፅ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ናፍጣ ሎኮሞቲቭ ምረጡ። እንፋሎት ያስቸግራል፦ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሎኮሞቲቭ በአንድ የጎማ ዙር አራት ጊዜ ይተነፍሳል፣ የጎማው ዲያሜትር 1.5 ሜትር ከሆነ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሴኮንድ ወደ አምስት ጊዜ ይጠጋል፣ ፍጥነቱ በተለወጠ ቁጥርም ምቱ መለወጥ አለበት። ዲኤፍፕሌየር ደግሞ ፍጥነት መቀየር አይችልም። የአዲስ አበባና የጅቡቲን አሮጌ መስመር መሥራት ለሚያምራችሁ መልካም ነው፤ በእንፋሎት ተጀምሮ በናፍጣ የዘለቀ ስለሆነ ለገሃርን ወይም ድሬዳዋን በናፍጣ ድምፅ ብትሠሩ ከእውነቱ አትወጡም። ሐዲዱ ባለ አንድ ሜትር ስፋት ነው፤ በ1:87 ሲሰላ 11.5 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን በገበያ ያለው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይበቃል። አዲሱ መስመር ግን በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ የናፍጣ ጉርምርምታ ቢሰማበት ያስቃል።

አራት ፋይል ይበቃል፦ ቆሞ ሲያጉረመርም፣ ሲጎትት፣ በሙሉ ፍጥነት፣ እና ጡሩምባ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን 90 ሴኮንድ ያህል አርዝሟቸው፤ ፋይሉ አልቆ እንደገና ሲጀምር ትንሽ መቆራረጥ ስላለ በየ10 ሴኮንዱ ከተሰማ ያናድዳል። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ወደ ሞኖ (ባለ አንድ መስመር ድምፅ) ለውጧቸው፣ ከ150 ኸርዝ በታች ያለውንም ቁረጡ፤ ስፒከሩ አያወጣውም፣ አምፕሊፋየሩን ብቻ ያደክማል። ካርዱን በፋት32 ፎርማት አድርጉ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኤምፒ3» የሚል ፎልደር ክፈቱና ፋይሎቹን ከ0001 ጀምራችሁ ሰይሙ። በፎልደር ስም ካልጠራችኋቸው ፕሌየሩ የሚከተለው የተገለበጡበትን ቅደም ተከተል እንጂ ስማቸውን አይደለም።

የሽቦ ሥራ

ሁለት ፕሌየር የፈለግነው አንዱ የሞተር ድምፅ ሲቀይር ሌላው አዲሱን ቀድሞ እንዲጀምር ነው። የአሮጌውን ድምፅ ቀስ ብላችሁ ስታወርዱት ክፍተቱ አይሰማም። አራት ፕሌየር ለአራት ስፒከር ማሰብ ግን ወጥመድ ነው፤ አንድ ዓይነት ፋይል እኩል ቢጀምሩ እንኳ በጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ይለያያሉ፣ ድምፁም ቧንቧ ውስጥ የገባ ይመስላል።

ከየፕሌየሩ የግራ መስመር መውጫ በ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ቀጥሎ በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አውጥታችሁ አንድ ነጥብ ላይ አገናኟቸው። ይህ ነጥብ የአራቱም ፖቴንሽዮሜትሮች ኤ ጫፍ ጋ ይገባል። ቢ ጫፋቸው ግራውንድ (የፓወር ሰፕላዩ ኔጋቲቭ) ላይ እንዳይታሰር። ሁለቱን 10 ኪሎ ኦም ከ5 ቮልት ወደ ግራውንድ በተከታታይ አስራችሁ መሐላቸው ላይ 2.5 ቮልት አግኙ፣ በ100 ማይክሮፋራድ አረጋጉት፣ ቢ ጫፎቹን እዚያ ላይ እሰሩ። የፖቴንሽዮሜትሩ ቺፕ ከዜሮ ቮልት በታች ያለ ሲግናል ስለማያሳልፍ፣ ያለዚህ የድምፁ ግማሽ ተቆርጦ የተቀደደ ስፒከር ይመስላል። የዚሁ ቺፕ ኤስኤችዲኤን (SHDN) የሚለው እግር ከ5 ቮልት ጋር ይታሰር። መሐለኛው ጫፍ ወደ አምፕሊፋየሩ መግቢያ ይሄዳል።

ሁለት ነገር ቺፕ ያቃጥላል። ፓም8403 ከ5.5 ቮልት በላይ አይችልም፤ የባቡሩን 12 ቮልት አታስነኩት። ሌላው የስፒከሮቹን ጥቁር ሽቦ ሰብስቦ ግራውንድ ላይ ማሰር ነው። የዚህ አምፕሊፋየር ሁለቱም መውጫ ሕያው ስለሆነ ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለት የራሱ ሽቦ ይዘርጋ። ከየአምፕሊፋየሩ ሥር 1000 ማይክሮፋራድ በስታኞ በይዱ። ከአርዱኢኖ ወደ ፕሌየሩ አርኤክስ (RX፣ ትእዛዝ መቀበያ) እግር በሚሄደው ሽቦም ላይ 1 ኪሎ ኦም አድርጉ፤ ካልሆነ ከበስተጀርባ ጥርርር የሚል ድምፅ ይሰማል።

ድምፁን ማሻገር

ባቡሩ ከአንዱ ስፒከር ወደ ቀጣዩ ሲሄድ አንዱን በቀጥታ እየቀነሱ ሌላውን በቀጥታ መጨመር የሚመስል ግን የማይሠራ ዘዴ ነው። መሐል ላይ ሁለቱም ግማሽ ይሆኑና ድምፁ ጎድጉዶ ይወርዳል። ይልቅ በኮሳይንና በሳይን ይከፋፈል። ከ0 እስከ 255 ባለው ሚዛን፣ ከመንገዱ ሩብ ላይ የኋላው 236 የፊቱ 98፤ ግማሽ ላይ ሁለቱም 180፤ ሦስት አራተኛ ላይ 98 እና 236 ይሆናል። ክፍሉ ጠባብ ሆኖ መሐል ላይ ድምፁ ካበጠባችሁ 180ውን ወደ 152 አውርዱት። የፖቴንሽዮሜትሩ ቺፕ መብራት ሲያገኝ በራሱ ግማሽ ላይ ስለሚቆም ፕሮግራሙ ሲጀምር መጀመሪያ አራቱንም ዜሮ አድርጉ፣ ከዚያ ፕሌየሩን አስነሱ።

ሴንሰሮቹን 15፣ 25፣ 105፣ 195፣ 275 እና 285 ሴንቲ ሜትር ላይ በሐዲዱ አግዳሚዎች መካከል ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ቅበሩ። ጫፍ ላይ ጥንድ የሆኑት ባቡሩ 10 ሴንቲ ሜትር ለመሄድ የፈጀበትን ጊዜ ይለካሉ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በ1:87 ሲወርድ በሴኮንድ 19 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጥንዱን በግማሽ ሴኮንድ፣ 90 ሴንቲ ሜትሩን በ4.7 ሴኮንድ ያልፋል። አርዱኢኖው በዚህ ፍጥነት ቦታውን በየ20 ሚሊ ሴኮንዱ እያሰላ ድምፁን ይገፋል። ቀጣዩ ሴንሰር ሳይነካ ስሌቱ 95 በመቶ ከደረሰ እዚያው ይጠብቅ፤ ሴንሰሩ ቀድሞ ከተነካ ደግሞ ባንድ ጊዜ አይዝለል፣ በ0.3 ሴኮንድ ይንሸራተት።

ባቡሩ መሐል መንገድ ላይ ቢቆምስ? ሁለቱን ኦፕቶካፕለሮች በተቃራኒ አቅጣጫ አጣምራችሁ በአንድ 1 ኪሎ ኦም በኩል ሐዲዱ ላይ እሰሯቸው። የትኛው እንደበራ አቅጣጫውን ይነግራል፤ ሁለቱም ከ50 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ከጠፉ ባቡሩ ቆሟል፣ ስሌቱም ይቁም፣ ድምፁም ወደ ቆሞ ማጉረምረም ይቀየር። በዲጂታል መቆጣጠሪያ ሐዲዱ ሁልጊዜ ቮልቴጅ ስላለው ይህ ዘዴ አይሠራም።

ጥቁር የተቀባ የሎኮሞቲቭ ሆድ ለሴንሰሩ አይታይም። ከሎኮሞቲቩ ሥር፣ በሁለቱም ጫፍ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነጭ ቴፕ ለጥፉ፤ ፉርጎዎቹን ተዉአቸው፣ አለበለዚያ በየክፍተቱ አዲስ ባቡር የመጣ ይመስለዋል። የሎኮሞቲቩ ኋለኛ ቴፕ ደግሞ እንዳያሳስተው አንድ ሴንሰር ከነቃ በኋላ ለ2 ሴኮንድ ዝም ይበል። የመስኮት ፀሐይ ወይም ሃሎጅን አምፖል ሴንሰሩን በከንቱ ያነቃዋል፤ ሴንሰሩን ጥቁር ቱቦ ውስጥ ከትቶ ወደ ውስጥ ዝቅ ማድረግ ይረዳል።

ማስተካከል

የፕሌየሩን ድምፅ ከ30 ላይ 20 አድርጋችሁ ጀምሩና የአራቱን አምፕሊፋየር መስመሮች እኩል እስኪሰሙ አስተካክሉ። ከዚያ ቀንሱ። 80 ሴንቲ ሜትር ርቀት በልኬቱ 70 ሜትር ማለት ነው፤ ከ70 ሜትር የሚሰማ ሎኮሞቲቭ ጨዋታ አያቋርጥም። አንድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ገበታው ፊት ይቁምና ባቡሩ ሲያልፍ በጣቱ ይከተለው። ጣቱ ስፒከሮቹ ላይ እየቆመ የሚዘል ከሆነ ማሻገሪያው ላይ ስህተት አለ፤ ከባቡሩ ቀድሞ የሚሄድ ከሆነ የሴንሰሮቹ ርቀት ፕሮግራሙ ውስጥ በትክክል አልገባም። የማይፈለግ ጩኸት ካለ ደግሞ የድምፅ ሽቦው ከሐዲዱ ሽቦ ጎን ለጎን ተዘርግቶ እንደሆነ እዩ፤ ከሆነ አራቁት፣ ወይም ሲገናኙ እንደ መስቀል እንዲያልፉ አድርጉ።