ላንቫይርፑል ለመውረድ «ወራጅ አለ» የሚባለው መቼ ነው?

ዌልስ ውስጥ፣ አንግልሲ ደሴት ላይ፣ ካልጠየቁት ባቡር የማይቆምበት ትንሽ ጣቢያ አለ። ሙሉ ስሙ ይኸውላችሁ፦ ላንቫይርፑልግዊንጊልጎጌረኽዊርንድሮቡልላንተሲልዮጎጎጎኽ። በላቲን ፊደል ሲቆጠር 58 ነው። በ1860ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቱሪስት ለመሳብ ተብሎ የረዘመ ስም ነው፤ ተሳክቶላቸዋል፣ አብዛኛው እንግዳ ዛሬም የሚመጣው ከስም ሰሌዳው ጋር ፎቶ ሊነሳ ነው።

ከለንደን ከሆነ የምትነሱት፣ ከዩስተን ጣቢያ ወደ ሆሊሄድ የሚሄደውን ባቡር ያዙና ባንጎር ውረዱ። እሱ ላንቫይርፑል አይቆምም። ባንጎር ላይ ትራንስፖርት ፎር ዌልስ ወደሚባለው ድርጅት ባቡር ቀይሩ፤ እዚያም ቢሆን የሚያልፉ ስላሉ የጊዜ ሰሌዳውን ቀድማችሁ እዩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ባቡሩ ውስጥ እንደገባችሁ ትኬት ተቆጣጣሪውን ፈልጉና የት እንደምትወርዱ ንገሩት። እንደ አዲስ አበባ ሚኒባስ ደጁ ላይ ደርሳችሁ «ወራጅ አለ!» ብትሉ ማንም አይሰማችሁም፣ ከባንጎር ደግሞ መንገዱ የደቂቃዎች ነው። «ላንቫይርፑል» ካላችሁት ይበቃል። ሙሉውን ልጥራ ካላችሁ ሳትጨርሱ ጣቢያው ያልፋል። በየትኛው በር እንደምትወርዱም ጠይቁት፤ መሳፈሪያው አጭር ነው፣ ባቡሩ ሙሉውን አይገባበትም።

በመንገድ ላይ የሜናይን ባሕር የምትሻገሩበትን ድልድይ ልብ በሉት፣ የጣቢያው ዕጣ ከሱ ጋር የታሰረ ነው። ጣቢያው በ1848 ሲከፈት ብሪታኒያ የተባለው የመሐንዲሱ የሮበርት ስቲቨንሰን የባቡር ድልድይ ገና አላለቀም ነበር፤ ከሆሊሄድ የመጣ መንገደኛ እዚህ ወርዶ በፈረስ ጋሪ፣ በሌላ የመንገድ ድልድይ ላይ ይሻገር ነበር። በ1850 ድልድዩ ተከፈተ። በ1966 ጣቢያው ተዘጋ፣ አለቀለት ተባለ። ከዚያ በግንቦት 1970 ድልድዩ ውስጥ ሲጫወቱ የነበሩ ልጆች የያዙት ችቦ እሳት አስነሳና ደሴቲቱ ከባቡር መስመሩ ተቆረጠች፤ የተዘጋው ጣቢያም ተቀስቅሶ የመስመሩ መጨረሻ ሆነ። በ1972 ድልድዩ ሲጠገን መልሰው ዘጉት (ውለታ ቢሶች!)፣ በ1973 ግን እንደገና ተከፈተ፣ እስካሁንም አለ።

ለመመለስ ደግሞ ሌላ ዘዴ ነው። ጣቢያው ላይ ሠራተኛ የለም፣ ስለዚህ የደርሶ መልስ ትኬት ቀድሞ መያዝ ይሻላል። መሳፈሪያው በሁለት በኩል ነው፤ የቆማችሁት በባንጎር አቅጣጫ መሆኑን አረጋግጡ። ባቡሩ ብቅ ሲል ነጂው ከሩቅ እንዲያያችሁ ወጣ ብላችሁ፣ ግን ከጠርዙ ራቅ ብላችሁ፣ ልክ ታክሲ እንደምታስቆሙ እጃችሁን በደንብ አንሡ። ስልካችሁ ላይ አቀርቅራችሁ ከተቀመጣችሁ ነጂው ተሳፋሪ የለም ብሎ ያልፋችኋል። ቀጣዩ እስኪመጣ ጊዜ ካላችሁ አጠገቡ ትልቅ የስጦታ ዕቃ ሱቅ አለ።