ቦዩን ሳይደፍኑ ችግኝ መትከልና ሌሎች የረግረግ ስህተቶች

ከጣና ዳር እስከ ጮቄ ሥር፣ የደረቀ ረግረግ መልሶ ለማልማት የተነሣ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን እንትከል?» ነው። ምንም አትትከሉ። ውሃውን የሚወስደውን ቦይ ፈልጉ።

ረግረጉ የደረቀው ለማሳ ብለው ቦይ ስለቀደዱበት፣ ዳር ዳሩንም ባሕር ዛፍ ስለደረደሩበት ነው። ቦዩ ክፍት እያለ የተተከለ ችግኝ ሚያዝያን አያይም። አንድ ቦታ ችግኙ ተተክሎ፣ አጥሩ ታጥሮ፣ ታፔላው ቆሞ፣ ውሃው ግን ከታፔላው ሥር በቦዩ ሲወርድ አይቻለሁ። የምረቃው ፎቶ ላይ ሳይቀር ይታያል!

አደፋፈኑም ብልሃት አለው። መውጫው ላይ አንድ ግድብ ብቻ አታቁሙ፤ የክረምቱ ውሃ በጎኑ ዞሮ አዲስ ቦይ ይከፍታል። በቦዩ ርዝመት ደጋግማችሁ ድፈኑ፤ የታችኛው ድፍን ያቆረው ውሃ የላይኛውን ግርጌ እስኪነካ ይጠጋጉ። ጫፍና ጫፉን ወደ ግራና ቀኝ ዳር ቆፍራችሁ አስገቡ። መረሬ አፈር ውሃ ይይዛል፤ በበጋ ግን ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ከመሬቱ ከፍ አድርጋችሁ ጠቅጥቁት፣ ላዩንም ከነአፈሩ በተነሣ ሣር አልብሱት። ባሕር ዛፉን ቆርጦ ጉቶውን ትቶ መሄድም ከንቱ ድካም ነው፤ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ከዚያ አንድ ክረምት ታገሡ። ጭቃው ውስጥ የተኛው የቄጠማና የእንግጫ ዘር ራሱ ይወጣል። ባዶ የቀረውን ብቻ ደንገል ከነሥሩ አምጥታችሁ ሙሉት።

በበጋ ለክቶ ንድፍ መጨረስ ሌላው ስህተት ነው። ጣና ዝቅ የሚለው በሰኔ መግቢያ፣ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን ልዩነቱ ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል። በመጋቢት ለክቶ የእንጨት መረማመጃ የዘረጋ ሰው በመስቀል ሰሞን ሥራውን በታንኳ ነው የሚጎበኘው።

ዳሩን በድንጋይ ገንብቶ የኩሬውን ጠርዝ ገደል ማድረግ ረግረግን በሎጅ ዓይን ማየት ነው። ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች የሚፈልጉት ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ ነው፤ አምባዛም እንቁላሏን የምትጥለው ክረምት ባጥለቀለቀው ሣር መሀል ነው። ዳሩ በዝግታ ይውረድ፤ አንድ ሜትር ወደ ታች ለመውረድ አሥር ሜትርና ከዚያ በላይ አግድም ስጡት።

የጎብኚውን መንገድ በአንድ ዳር ብቻ አስኪዱት። የወፍ ማያውን መጠለያ ፀሐይን ከኋላ አድርጉለት።

አጥርን መፍትሔ አድርጎ የሚያይም አለ። አንድ አዛውንት ካርታውን ዘርግቼ ሳሳያቸው «ልጄ፣ ወፎቹን አየሁ፤ እኛን የት አደረግኸን?» አሉኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር። ለበዓል ገበያ ቄጠማ የምታጭደው እናት፣ ደንገል ቆርጦ ታንኳ የሚሠራው፣ ከብት የሚያጠጣው ንድፉ ላይ ቦታ ከሌላቸው አጥሩ ማገዶ ይሆናል። በተራ የሚታጨድ ክፍል ለዩ፤ ለከብቱም ጠጠር የተነጠፈበት መውረጃ በአንድ በኩል ሥሩ።

ለጌጥ ብላችሁ ከውጭ የውሃ አበባ አታምጡ። የእምቦጭም አበባ ያምራል።

እምቦጭ ካለበት ቦታ የመጣ ኤክስካቫተር ሳይታጠብ አይግባ፤ ሰንሰለቱ ላይ የቀረ ቁራጭ ይበቃዋል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ሹፌሩ ቢቸኩልም ባልዲና መጥረጊያ ይዛችሁ በር ላይ ጠብቁት።