የነፍሰ ጡር ባል ሥራ፣ የአራስ ባል ሥራ

አራተኛው ጨርቅ የእኔ ሽርጥ ነበር። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ወልዳ ቤት ከገባች ስድስተኛ ሌሊቷ ነው። እናቴ ያዘጋጀቻቸው ሦስት ጨርቆች እኩለ ሌሊት ሳይሆን ርሰው አለቁና ሽርጤን ቀድጄ ሰጠኋት። እናቴ «የአራስ ደም ነው፣ ይወርዳል» አለች። አምስት ልጅ የወለደች ሴት ናት፤ እኔ ምን አውቄ እከራከራለሁ? ባጃጄ በር ላይ ቆማለች፣ ነዳጅም አላት። ሲነጋ እንሄዳለን ብለን ተቀመጥን። ጎህ ሲቀድ ባለቤቴ ልትነሳ ስትል ተዝለፍልፋ እጄ ላይ ወደቀች። ሐኪም ቤት ስንደርስ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ማሕፀኗ ውስጥ ቀርቶ እንደነበር ነገሩን። ደም ተሰጣት፤ ተረፈችልኝ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለተኛውን ስታረግዝ በእያንዳንዱ ቀጠሮ አብሬያት ገባሁ። ከዚህ በታች ያለው አዋላጅ ነርሷን እየጠየቅኩ የተማርኩትና ቤታችን ውስጥ የሠራው ነው። የምጽፈው ለባሎች ነው፤ እናቶችና አማቶች ቢያነቡት ግን ደስታዬ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ቁጠር። የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበትን ቀን ይዘህ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን ጨምርበት። ጳጉሜን መሀል ከገባች ዘጠኝ ወር ከ5 ቀን ይበቃል፤ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ከ4 ቀን። ሁሉም የሚሰጥህ 280 ቀን ነው። የእኛ ኅዳር 8 ነበርና ነሐሴ 18 ላይ ወደቀ። ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው ነሐሴ ምን ማለት እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ክትትሉ ሦስት ወር ሳይሞላ ይጀመር፤ እስክትወልድ ድረስ በጠቅላላው ስምንት ጊዜ መታየት ነው የሚመከረው። በመንግሥት ጤና ተቋም ክትትሉም ወሊዱም በነፃ ነው። ደምና ሽንት ይመረመራል፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይሰጣል፣ የደም ግፊት ይለካል። የግፊቱን ቁጥር ጠይቀህ ደብተር ላይ ጻፍ። የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ባለሙያው ሳያይላት ወደ ቤት አትመለሱ።

በየቀኑ የሚዋጠው የአይረንና የፎሊክ አሲድ እንክብል ለብቻው ወሬ ይገባዋል፤ ብዙ ቤት ውስጥ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ነው የሚገኘው። ባለቤቴም ሁለት ሳምንት ውጣ ተወችው። ያቅለሸልሻታል፣ ሰገራዋም ጠቆረ። ስንጠይቅ መጥቆሩ የመድኃኒቱ ጠባይ እንጂ ጉዳት እንዳልሆነ ተነገረን። ጠዋት በባዶ ሆዷ ትውጠው የነበረውን ማታ ከእራት በኋላ አደረግነው፤ ማቅለሽለሹ ቀነሰ። ቡናና ሻይ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚይዙት በእነርሱ ሰዓት አይዋጥም። ብርቱካን ግን ያግዘዋል። ከቀፊራ ገበያ በየሁለት ቀኑ ብርቱካን ማምጣት የእኔ ድርሻ ሆነ፤ ልጣጩን የምልጠውም እኔ ነበርኩ፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስልጥ ሳትውጥ አትተኛም።

ምግቡ ያለው ይሁን፤ ምስር፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ባቄላ። ከወትሮው አንድ ጊዜ ተጨማሪ ትብላ። የግመል ወተት ጥሩ ነው፣ ግን ይፈላ። ጥሬው ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ያስይዛል፤ ጽንስ እስከ ማስወረድም ይደርሳል። አዴ የምንላት ወተት ሻጫችን «የግመል ወተት ማን ያፈላል?» ብላ ተቆጥታለች፤ እኛ ግን አፈላን። በዚህ ሙቀት ውሃ ከአጠገቧ አይጥፋ፣ አጎበርም ይዘርጋላት፤ የከተማችንን ወባ ታውቁታላችሁ። ጾም የሚያሳስባት ከሆነ ቄሱን ወይም ሼኹን ጠይቁ፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለነፍሰ ጡርና ለአራስ መንገድ አላቸው።

ስለ ጫት በዚህ ከተማ በግልጽ መነገር አለበት። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ነፍሰ ጡር ስትቅም ደግሞ ሕፃኑ ክብደቱ ዝቅ ብሎ ሊወለድ ይችላል። ባለቤቴን ተይ ካልኩ በኋላ ፊቷ ተቀምጬ መቃም ስላልሆነልኝ የቤቱን በርጫ አነሳሁ። ጓደኞቼ ቅር ተሰኝተዋል።

አሁን ወደ ነሐሴ። እኛ መጋላ ነን፣ የምትወልድበት ሆስፒታል ከወንዙ ማዶ ነው። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ጎርፉ ሲመጣ ግን እንዴት እንደሚመጣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያየን ሰዎች አንረሳውም። ስለዚህ ከነሐሴ 4 ጀምሮ ከወንዙ ማዶ ከዚራ ያለችው አክስቷ ቤት አስገባኋት። ዘመድ የሌላችሁ ጠይቁ፤ የእናቶች ማቆያ ያላቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ። የአምቡላንስ ቁጥር 907 በሁላችሁም ስልክ ላይ ይኑር። ደም ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ሰዎችንም አስቀድሜ ጠየቅኩ።

በመጀመሪያው ጊዜ ባጃጅም ነዳጅም ነበረን። የጎደለን «አሁን እንሂድ» የሚል ሰው ነበር። ስለዚህ በሰባተኛው ወር ቡና ተፈልቶ እናቴን፣ አማቴንና ባለቤቴን አስቀምጬ ተነጋገርን፦ የአደጋ ምልክት ከታየ ማንም ማንንም አያስፈቅድም፣ እኔ ስልክ ባላነሳም ይኬዳል። እንዲህ ያለ ነገር ለእናት መናገር ከባድ ነው። ያችን ሌሊት እያስታወስኩባት መስሏት ፊቷ ተለወጠ። ትንሽ ዝም አለችና «በል ምልክቶቹን ጽፈህ ለጥፍ፣ ጮክ ብለህም አንብብልኝ» አለችኝ።

ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ይህ ነው፦ ደም መፍሰስ፣ የማይለቅ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ መንቀጥቀጥ ወይም ራስን መሳት፣ ትኩሳት፣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ ምጥ ሳይመጣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ ከወትሮው መቀነስ። አንዱ ብቻ ይበቃል።

ተቀጣሪ ከሆነች በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር አላት። ለአባት የተፈቀደው 3 ቀን ነው። በሦስቱ ቀን ጨርቅ እጠብ፣ ውሃ ቅዳ፣ ጠያቂ ተቀበል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊላት የመጣ ሰው ሁሉ አራሷ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ ስትተኛ ገንፎውን በረንዳ ላይ ይብላ። ይህን የምትናገረው አንተ ነህ፤ እርሷ ብትናገር ነውር ይባልባታል።

ከወለደች በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ጤና ተቋም ትቆይ። ቤት ከገባች በኋላም ከወለደች በሦስተኛው ቀን፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በስድስተኛው ሳምንት ትታይ። ሕፃኑ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ ቢጫው እንገር አይደፋ፣ ቅቤ አይቅመስ። ይህ ሁሉ ሙቀት እያለም እስከ ስድስት ወር ውሃ አያስፈልገውም፣ ወተቱ ይበቃዋል። አጥሚቱና ማርቃው ለእናቲቱ ነው።

ደሙን በቁጥር ያዙ። አንድ ሞዴስ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ከራሰ፣ ትልልቅ የረጋ ደም ከወጣ፣ ከቀነሰ በኋላ እንደገና ከበዛ፣ ሽታው ከተለወጠ ወይም ትኩሳት ካላት ሌሊቱን አትጠብቁ። ሁለተኛውን በወለደች በስድስተኛው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ግቢ ውስጥ ስንጎራደድ እናቴ በሩን ከፈት አድርጋ «ከመሸ ሁለት ብቻ ነው የቀየረችው፣ ቀለሙም እየሳሳ ነው፤ ግባና ተኛ» አለችኝ።

ማልቀስም አለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስና እንባ ብዙ አራስ ላይ ይታያል፤ አጠገቧ ሁን፣ ሕፃኑን ተቀበላት፣ ትተኛ። ሁለት ሳምንት አልፎ ካልለቀቃት፣ ሕፃኑን ማየት ካስጠላት ወይም ሞትን ካነሳች ግን ሕክምና ያስፈልጋታል። ልክፍት ነው እያሉ ቀን ማሳለፍ አይገባም። ጸሎቱም ዱዓውም ሐኪም ቤት ሄዳ ይቀጥላል።

በስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ ሥራ ትቼ አብሬያት ሄድኩ። ግፊቷ ተለካ፣ የደም ማነስ አለመኖሩ ታየ። ከአንዱ ወሊድ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት ማረፍ እንዳለባት አዋላጇ ለሁለታችን ነገረችን፤ ባለቤቴ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን መከላከያ መረጠችና በዚያው ቀን ተደረገላት።