የልጆች የበረዶ ሸርተቴ ሄልሜት፦ «ያድግበታል» ተብሎ የማይገዛ ዕቃ

የበረዶው ወራት ሲገባ ልጁ ከመዋዕለ ሕፃናት ወይም ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ የሸርተቴ ቀን አለና ወፍራም ልብስ፣ ጓንትና ሄልሜት ይላክ የሚል። ልብሱና ጓንቱ አያስቸግርም። ሄልሜቱ ላይ ግን ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው ሌላ ጊዜ ሁሉ በበጀው ብልሃት ነው፦ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ በመግዛት። ጃኬት ቢሰፋ እጅጌው ይታጠፋል፤ ጫማ ትንሽ ቢሰፋ ወፍራም ካልሲ ይደረብበታል። ሄልሜት የሚጠቅመው ግን ጭንቅላት ላይ ሳይነቃነቅ ሲቀመጥ ብቻ ነው። የሰፋ ሄልሜት ልጁ ሲወድቅ ወደ ኋላ ሸሽቶ ግንባሩን ያጋልጠዋል፤ ወይም ወደ ፊት ወርዶ ዓይኑን ይጋርደዋል። ስለዚህ የሚገዛው ለዛሬው ጭንቅላት ነው፤ ለከርሞው አይደለም።

ከመግዛታችሁ በፊት አስተማሪዋን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ልጆቹ የሚሄዱት ለስኪ ነው፣ ለስሌጅ (ተቀምጠውበት በረዶ ላይ ለሚንሸራተቱበት) ነው ወይስ ለበረዶ ላይ ስኬቲንግ? የስኪ ሄልሜት ለስኪም፣ ለስኖውቦርድም፣ ለስሌጅም ይሆናል። ለስኬቲንግ አብዛኛውን ጊዜ ይቀበሉታል፤ ቢሆንም ጠይቁ። የብስክሌት ሄልሜት ግን ቤት ውስጥ ስላለ ብቻ አይላክ። ጆሮን አይሸፍንም፣ ብርድ በክፍተቶቹ ይገባል፣ የበረዶ መነጽርም በደንብ አይቀመጥበትም፤ የተፈተነውም ለሌላ ዓይነት አወዳደቅ ነው።

ምልክቱን ማንበብ

ሄልሜቱን ገልብጣችሁ ውስጡ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፈልጉ። «ኢኤን 1077» (EN 1077) የአውሮፓ የስኪ ሄልሜት መስፈርት ነው፤ የአሜሪካው «ኤኤስቲኤም ኤፍ2040» (ASTM F2040) ይባላል። ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ መጻፍ አለበት። «ሲኢ» (CE) የሚሉት ሁለት ፊደላት ብቻቸውን አይበቁም፤ ይህ ምልክት በአውሮፓ በሚሸጡ መጫወቻዎችም ላይ ስለሚገኝ የመጫወቻ ሄልሜትም ሊኖረው ይችላል።

ቁጥሮቹ እጅግ ስለሚቀራረቡ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። 1077 የስኪ ነው፤ 1078 የብስክሌት፣ የሮለርና የስኬትቦርድ ነው፤ 1080 ደግሞ ለትናንሽ ልጆች ብስክሌትና መሰል ጨዋታ የተዘጋጀ ነው። በአንዳንድ ሄልሜቶች ላይ 1077ም 1078ም አብረው ተጽፈው ታገኛላችሁ። ብስክሌት ለሚነዳ ልጅ እንዲህ ዓይነቱ አንድ ዕቃ የሁለት ሥራ ይሠራል፤ ገንዘብ መቆጠብ ካለባችሁ በዚህ ቆጥቡ እንጂ ቁጥር ከፍ በማድረግ አይደለም።

ከ1077 አጠገብ ኤ (A) ወይም ቢ (B) የሚል የክፍል ምልክት አለ። ኤ ክፍል ጆሮንም በጠንካራ ቅርፊት ይሸፍናል፤ በሹል ነገር መወጋትን እንዲቋቋም የሚደረግለት ፈተናም ከበድ ያለ ነው። ቢ ክፍል ጆሮው ላይ ለስላሳ ጨርቅ አለው፣ ቀለል ይላል፣ የአስተማሪንም ድምፅ በተሻለ ያሰማል። ገና መቆም ለሚማር ልጅ ቢ ይበቃዋል። ውድድር የሚለማመድ ልጅ ከሆነ ክለቡ የሚጠይቀውን መስፈርት አስቀድማችሁ አጣሩ።

ሄልሜት ማድረግ ግዴታ የሆነባቸው አገሮችም አሉ። ጣሊያን ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2005 ከ14 ዓመት በታች ላሉት፣ በ2022 ከ18 ዓመት በታች ላሉት ሁሉ፣ በ2025 ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ ላሉት አስገዳጅ አድርጋለች። ሕግ በሌለበት ቦታም የስኪ ትምህርት ቤቶች ያለ ሄልሜት ልጅ አለመቀበላቸው የተለመደ ነው።

መለካትና ማስሞከር

የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰዱ። ከቅንድብ በላይ 2 ሴንቲሜትር ያህል አስቀምጡና ከጆሮዎቹ በላይ አሳልፋችሁ ከኋላ ጭንቅላቱ በጣም በሚወጣበት ቦታ አዙሩት። ልጅ ስለሚንቀሳቀስ ሁለት ሦስት ጊዜ ለኩና ትልቁን ቁጥር ያዙ። ሜትር ከሌለ በክር ለክታችሁ ክሩን በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ቁጥሩን በስልካችሁ ጻፉት፤ ሱቅ ውስጥ ይረሳል።

የሄልሜት መጠን የሚጻፈው በሴንቲሜትር ነው፤ ለምሳሌ ከ48 እስከ 52 ወይም ከ51 እስከ 55። ካርቶኑ ላይ «ከ3 እስከ 5 ዓመት» ቢል አትመኑት፤ በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች የጭንቅላት ዙሪያ በብዙ ሊለያይ ይችላል። የልጁ ልክ ሁለት መጠኖች ላይ ካረፈ ሁለቱንም አስሞክሩት፤ ሳያሳምም የሚገባው ትንሹ ከሆነ ትንሹን ያዙ።

ፀጉርን አስቀድሞ ማሰብ ይጠይቃል። መሸጫዎቹ ላይ የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ የእኛን ልጆች ፀጉር ያሰበ አይደለም። አናት ላይ የተጠቀለለ ፀጉር ሄልሜቱን ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ያኔ ግንባርና ማጅራት ይጋለጣሉ። ለዚያ ቀን የሚስማማው ጠፍጣፋ ሹሩባ ወይም ማጅራት ላይ ዝቅ ብሎ የታሰረ ፀጉር ነው። ዶቃ፣ ጠንካራ የፀጉር መያዣና ጉትቻ ይውለቁ፤ በአወዳደቅ ጊዜ በሄልሜቱና በጭንቅላቱ መካከል ተጭነው ይጎዳሉ። የምትለኩትም የምታስሞክሩትም ፀጉሩ በዚያ ቀን እንደሚሆነው ሆኖ ይሁን። ሹሩባው ተፈቶ ፀጉሩ ከተነፋ ልኩ ይለወጣል።

አሁን አስሞክሩት። የጆሮ ሽፋኖቹን በሁለት እጅ ከፈት አድርጋችሁ አልብሱት፤ የፊት ጠርዙ ከቅንድቡ በላይ ከሁለት ጣት ያልበለጠ ቦታ ላይ ይረፍ። ከኋላ የሚሽከረከረውን ማጥበቂያ በልኩ አዙሩ። የአገጩን ማሰሪያ ገና አትቆልፉት። ልጁ አንገቱን ወደ ግራ ቀኝ፣ ወደ ላይ ታች ይነቅንቅ። ሄልሜቱ ለብቻው ከዞረ ሰፍቷል። ከዚያ ሄልሜቱን ይዛችሁ በቀስታ አንቀሳቅሱት፤ የግንባሩ ቆዳ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ቀጥሎ ማሰሪያውን ቆልፉና ከፊት ጠርዙ ወደ ኋላ፣ ከኋላ ጠርዙም ወደ ፊት ግፉት። ዓይኑን ከጋረደ ወይም ግንባሩን ከገለጠ መልሱት።

ማሰሪያው ከአገጩ በታች አንድ የአዋቂ ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። ልጁ አፉን በሰፊው ሲከፍት ሄልሜቱ አናቱን ትንሽ ወደ ታች ሲጫን ከተሰማው ልክ ነው። ይህን ፈተና ልጆች ይወዱታል፤ «እንደ አንበሳ አዛጋ» በሉት።

ወዲያው አታውልቁት። ለአሥር ደቂቃ ያህል አድርጎ ይቆይና ግንባሩን እዩ። ዙሪያውን የቀላ ቀጭን መስመር ችግር የለውም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የጎላ ምልክት ካለ ግን ቅርጹ አልገጠመውም ማለት ነው። አንዳንዱ ጭንቅላት ረዘም፣ አንዳንዱ ክብ ይላል፤ ፊትና ኋላው እየጨመቀ ጎንና ጎኑ ባዶ ከሆነ መፍትሔው ትልቅ ቁጥር ሳይሆን የሌላ ኩባንያ ሄልሜት ነው። የሦስት ዓመት ልጅ «ያመኛል» ላይል ይችላል፤ ደጋግሞ ከጎተተው ወይም ካለቀሰ ያው መልሱ እሱ ነው።

ስለ ማጥበቂያው አንድ ነገር ልብ በሉ። እስከ መጨረሻው ካላጠበቃችሁት የማይዝ ከሆነ ሄልሜቱ ትልቅ ነው። ገና ትንሽ እንዳዞራችሁት ከያዘና ከዚያ በላይ የሚጠብቅበት ቦታ ከተረፈው፣ ወይም ከዕቃው ጋር ወፈርና ሳሳ ያሉ ትርፍ ገበሮች ከመጡ፣ ለማደግ የተፈቀደለት ቦታ ያ ነው። ከዚያ ያለፈ ስፋት አትፈልጉ።

ከሄልሜቱ ጋር አብሮ የሚሄደው

የበረዶ መነጽሩን ይዛችሁ ግዙ፤ ወይም ሁለቱን አብራችሁ አስሞክሩ። የሄልሜቱ የፊት ጠርዝ ከመነጽሩ የላይኛው ጠርዝ ጋር መነካካት አለበት። በመካከላቸው የግንባር ቆዳ ከታየ ንፋስና በረዶ እዚያ ይገባል፤ ልጁም ራሱን ያመዋል። ሄልሜቱ መነጽሩን ወደ ታች ከገፋው ደግሞ አፍንጫውን ተጭኖ መተንፈስ ያስቸግረዋል። የመነጽሩ ላስቲክ በሄልሜቱ ላይ ያልፋል፤ ከኋላ የሚይዘው ቁልፍ አለ። የዓይን መነጽር ለሚያደርግ ልጅ ፊቱ ላይ የሚወርድ መስታወት ያለው ሄልሜት ያመቻል፤ ነገር ግን መስታወቱ ቶሎ ይጫጫራል፣ ስለዚህ መቀየሪያው ለብቻው እንደሚሸጥ ጠይቁ።

ከሄልሜት ሥር ኮፍያ አይደረግም። የጃኬቱ ኮፍያም እንደዚያው። እናቶች ለብርዱ ብለው ሹራብ ኮፍያ ያደርጉበታል፤ ያ ግን ሄልሜቱን ያንሸራትተዋል። የጆሮ ሽፋኖቹና ገበሩ ለሙቀት ይበቃሉ። ብርዱ የከፋ ከሆነ ፊትና አንገትን የሚሸፍን ስስ ጭምብል ይበቃል፤ ሲለካና ሲሞከር አብሮ ይልበሰው። አንገቱ ላይ ረጅም ሻርፕ አታድርጉለት፤ ሰዎችን ወደ ተራራው የሚያወጣው ማንሻ ላይ ሊያዝ ይችላል። በራስ የሚጠለቅ የአንገት ማሞቂያ ይሻላል።

ዘለበቱንም ፈትኑት። በማግኔት የሚገጥም ከሆነ ጓንት ያደረገ ልጅም ይቆልፈዋል፤ የአገጩንም ቆዳ አይቆነጥጥም። አንዴ የተቆነጠጠ ልጅ ከዚያ በኋላ ሄልሜት ባየ ቁጥር ይሸሻል።

ሄልሜቱ ውስጥ ምቱን የሚቀበለው ፎም ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፎም ሲመታ ይጨፈለቃል እንጂ አይመለስም፤ ጉልበቱን የሚያበርደውም በመጨፍለቁ ነው። ሚፕስ (MIPS) የሚባለው፣ ስዊድን ውስጥ የተሠራው ተጨማሪ ንጣፍ፣ ጭንቅላት በጎን ሲመታ ሄልሜቱ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ያህል እንዲንሸራተት በማድረግ የመጠማዘዙን ኃይል ለመቀነስ የታሰበ ነው። አቅም ካለ ጥሩ ነው። ልኩ ያልገጠመ ሄልሜት ግን ሚፕስ ስላለው አይድንም።

ከዘመድ ወይም ከጎረቤት የተረፈ ሄልሜት ቢሰጣችሁ ሰጪውን ሳታፍሩ ጠይቁ፦ ወድቆበት ያውቃል ወይ? ውስጡ ያለውን የምርት ዓመትም እዩ። አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ተጠቀሙበት ይላሉ። ታሪኩን ከማታውቁት ሰው አሮጌ ሄልሜት አትግዙ፤ የተጨፈለቀ ፎም ከውጭ አይታይም። ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ መከራየት ይሻላል፤ ስኪውን የሚያከራየው ቦታ ሄልሜትም አብዛኛውን ጊዜ አለው። ሲከራዩም ያው ፈተና አይቅር።

ከገዛችሁ በኋላ

ከሁሉ በላይ ይህን ለልጁም ለአስተማሪዋም ንገሩ፦ በመጫወቻ ሜዳ ወዳለው መወጣጫና መንሸራተቻ ሲሄድ ሄልሜቱ ይውለቅ። የልጁ ሰውነት የሚያልፍበት ክፍተት ሄልሜቱን ላያሳልፍ ይችላል፤ ያኔ ልጁ በማሰሪያው ተንጠልጥሎ ሊታነቅ ይችላል። የ1080 ሄልሜት ማሰሪያ ሲጎተት እንዲለቅ የተሠራው ለዚህ ነው፤ የስኪው ግን አይለቅም።

ሲረጥብ ገበሩን አውጥታችሁ ለብ ባለ ውኃና በቀላል ሳሙና እጠቡት፣ በነፋስ ይድረቅ። ማሞቂያ ላይ ወይም ፀሐይ የሚመታው መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ሙቀት ፎሙን ያበላሻል። በቀለምና በማሟሟቂያ አትንኩት፤ ማጣበቂያ ያለው ስቲከር ለመለጠፍም አምራቹ መፍቀዱን አረጋግጡ።

በኃይል ከተመታ፣ ከውጭ ምንም ባይታይበትም፣ ሥራውን ጨርሷል። ሲጣል ማሰሪያውን በመቀስ ቁረጡት፤ ሌላ ወላጅ ደህና መስሎት ለልጁ እንዳያነሳው።