ቀሪ ተማሪን ገፍቶ የማያስወጣ የአቴንዳንስ ደንብ እንዴት ይዘጋጃል?

በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አካባቢ ባሉ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ከሚማሩት መካከል በየጠዋቱ ከኮዬ ፈጬ፣ ከጀሞ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ተነሥተው የሚመጡ አሉ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ቀድሞ በእግራቸው ክፍል ይደርሱ የነበሩም ከታክሲ ሰልፈኞች ጋር ተቀላቅለዋል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት ስሙ ተጠርቶ «አቤት» ያላለ ሁሉ ሰነፍ ነው ማለት አይቻልም።

ደንቡን ለማዘጋጀት መጀመሪያ የተቋሙን መመሪያ ያንብቡ። መምህር ተቋሙ ካስቀመጠው ዝቅተኛ የመገኘት መጠን በታች መውረድ አይችልም፤ በዚያ ገደብ ውስጥ ግን ብዙዎቻችን የማንጠቀምበት ሰፊ ቦታ አለ። ለምሳሌ መመሪያው 85 በመቶ መገኘትን የሚጠይቅ ከሆነ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየተገናኘ 16 ሳምንት የሚቆይ ኮርስ 32 ክፍለ ጊዜ ስለሚኖረው፣ ተማሪው ደንቡን ሳይጥስ 4 ጊዜ ሊቀር ይችላል። እነዚህን 4 ቀናት በልመና የሚገኙ ከማድረግ ይልቅ፣ ምክንያት የማይጠየቅባቸው መሆናቸውን በኮርስ አውትላይኑ ላይ በግልጽ ይጻፉ፤ በመጀመሪያው ቀንም ጮክ ብለው ያንብቡት።

ቀጥሎ ሊተኩ የሚችሉትንና የማይችሉትን ክፍለ ጊዜያት ይለዩ። የላብራቶሪ ሥራ፣ የቡድን ገለጻና የተግባር ልምምድ በሃንድአውት አይተኩም፤ ስለሆነም ለእነዚህ ምሕረት ሳይሆን ማካካሻ ቀን ይመደብላቸው። ተራው ሌክቸር ግን ይተካል።

ከዚያ የከተማዋን የቀን መቁጠሪያ ከኮርሱ ጋር ያስታርቁ። ለጥምቀት ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ የስድስት ኪሎ መንገዶች እንደሚዘጉ፣ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ በየካቲት ሲካሄድ መሐል ከተማው እንደሚጨናነቅ የታወቀ ነው፤ በእነዚህ ቀናት ፈተና ማውጣት ከወዲሁ ቀሪ ማብዛት ነው። የኢድ ቀን በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን፣ ከሚጠበቀው ቀን በፊትና በኋላ ያለውን አንድ አንድ ቀን ከፈተና ነጻ ያድርጉ። በረመዳን ከ11፡30 ጀምሮ የሚማሩ የማታ ተማሪዎች ደግሞ ማፍጠሪያ ሰዓታቸው ክፍል ውስጥ ስለሚደርስባቸው፣ የ15 ደቂቃ ዕረፍት በዚያው ሰዓት ላይ ይሁን።

ከሁሉ የሚከብደው የማስረጃ ጉዳይ ነው። እኔ በማስተማር ሥራ የመጀመሪያ ዓመቴ፣ ለአያቱ ቀብር ወደ ገጠር ሄዶ አንድ ሳምንት የቀረ ተማሪን «ማስረጃ አምጣ» ብዬው ነበር። ይዞልኝ የመጣው የእድሩ ሊቀመንበር በእጃቸው የጻፉት፣ ባለ ማኅተም ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን ለማግኘት ከሣልስቱ በኋላ ሁለት ቀን ተጨማሪ ቆይቶ ነበርና፣ ሁለቱን ተጨማሪ የቀሪ ቀናት ያመጣሁበት እኔው ነኝ። ወረቀት አጥብቆ የሚጠይቅ ደንብ ወረቀት ያገኛል፤ በገንዘብ የተገዛ የሕክምና ማስረጃ እንዲበራከት ያደረገው አንዱ ምክንያትም ይህ ይመስለኛል። ስለዚህ ተማሪው ከተፈቀዱት ቀናት በላይ ካልቀረ ማስረጃ አይጠይቁ። ከዚያ ካለፈና መመሪያው ማስረጃ የሚያስገድድ ከሆነ፣ በስንት ቀን ውስጥ ለማን እንደሚቀርብ አስቀድመው ይግለጹ፤ ለሐዘንተኛ ቢያንስ ከለቅሶው ተመልሶ እስኪረጋጋ ጊዜ ይስጡ። ተማሪውንም በጓደኞቹ ፊት ለምን እንደቀረ አይጠይቁት። የወር አበባ ሕመም ያጋጠማት ወይም ከኪራይ ቤት የተባረረ ሰው በ60 ተማሪ ፊት እውነቱን አይናገርም።

ላመለጠው ትምህርት አንድ የታወቀ መመለሻ መንገድ ያብጁ። የክፍሉ ተወካይ የሰሌዳውን ፎቶና ሃንድአውቱን በዚያው ዕለት በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ያስቀምጥ፤ የቀረውም ተማሪ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ ጽፎ በኮንሰልቴሽን ሰዓት ይምጣ። ትምህርቱን መቅዳት ካስፈለገ ድምፅ ብቻ ይበቃል፤ ቪዲዮ የተማሪውን የኢንተርኔት ጥቅል በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

አንድ ተማሪ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ሲቀር ሦስተኛውን ሳይጠብቁ በግል ይጻፉለት፦ «ሰላም፣ ሰሞኑን ክፍል አላየሁህም። ደህና ነህ? ያመለጠህን የምናካክስበት ጊዜ አለ፤ ሐሙስ ከሰዓት ቢሮ ብቅ በል።» የቀሪ ቀናቱን ቁጥር በዚህ መልእክት ውስጥ አይጥቀሱ፤ ማስጠንቀቂያ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ገደቡን ያለፈ ተማሪ ይኖራል። እርሱን ኤፍ እስኪያገኝ ዝም ማለት ርኅራኄ አይደለም። ኮርሱን ድሮፕ ማድረጊያው (መሰረዣው) ወይም ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ቅጽ) መሙያው ቀን ሳያልፍ ያነጋግሩት፤ ከትምህርት ክፍል ኃላፊው ጋር ያገናኙት፤ ጊዜ ካለዎትም እስከ ሪጅስትራሩ መስኮት ድረስ አብረውት ይሂዱ።