ከጎንደር ቅርጾች ለሊኑክስ ዴስክቶፕ አይከን ማዘጋጀት

ለሊኑክስ ዴስክቶፕዎ የራስዎን ገጽታ (የአይከኖች ስብስብ) ለመሥራት ሲነሡ ኮምፒውተሩን ከመክፈትዎ በፊት ጎንደር የሚገኘው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ጣሪያውን ቀና ብለው ይመልከቱ፤ በረድፍ የተደረደሩት ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች ከታች ሆኖ ለሚያያቸው ሰው በግልጽ የሚለዩት ዓይኖቻቸው ትልልቅ፣ የዳር መስመራቸውም ጥቁርና ያልተወሳሰበ በመሆኑ ነው። አይከንም፣ ማለትም ፕሮግራምን ወይም ፎልደርን የሚወክለው ትንሽ ሥዕል፣ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ሥዕሉን ኢንክስኬፕ በተባለው የሥዕል ፕሮግራም በ48 ፒክሰል መጠን ይጀምሩና በኤስቪጂ (መጠኑ ቢቀየርም ጥራቱ በማይቀንስ የሥዕል ፋይል ዓይነት) ያስቀምጡ። የ16 ፒክሰሉን ግን በማሳነስ ብቻ አያዘጋጁት፤ ለብቻው እንደገና ይሣሉት። የፋሲል ግንብን ለመነሻ ፎልደር በሞከርሁበት ጊዜ የመስኮቶቹ ቅስትና የግንቡ ጥርሶች በ16 ፒክሰል ተጨማልቀው ጠፉብኝ፤ አንድ ማማ ከነክብ ጉልላቱ ብቻ ሳስቀር ግን ቅርጹ ወዲያው ተለየ።

የፋይሎቹን ስም እንደ ፈቀዱ አያውጡ፤ ሲስተሙ አይከንን የሚፈልገው በተለመደው መደበኛ ስሙ ስለሆነ፣ ስሙ ካልተገጣጠመ የደከሙበት ሥዕል ጭራሽ አይታይም። በመጨረሻም የገጽታው ዋና ፎልደር ውስጥ «ኢንዴክስ ዶት ቲም» (index.theme) የተባለውን ፋይል ፈጥረው የገጽታውን ስም፣ የየመጠኑን ፎልደሮችና፣ እርስዎ ያልሣሉት አይከን የሚወሰድበትን ሌላ ገጽታ ይጻፉበት።