የሚግል፣ የሚንቀራፈፍና ሳይደርስ የሚጣል ኮምፒውተር፦ ችግርና መፍትሄ ከጎንደር የጥገና ጠረጴዛ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ደንበኞቼ የሚጠይቁኝ ስለ ፍጥነትና ስለ ዋጋ ነው፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ዕድሜው ሳያልቅ የሚጣለው ዕቃ ነው። በአገራችን ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ ኃይል የሚገኝ ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነው ጣና በለስ ብቻውን 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ኮምፒውተር ተፈጥሮን በብርቱ የሚጎዳው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሳለ አይደለም። ማዕድኑ ሲቆፈር፣ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ፣ ኋላም ሲጣል ነው። ጥገናውንም የማየው ከዚሁ አንጻር ነው።

ምልክት፦ ላፕቶፑ ይግላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ሥራ መሃል ድንገት ይጠፋል

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው። ባለፈው በጋ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ላፕቶፓቸውን በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝ። «ልጄ፣ አርጅቷል መሰለኝ፤ ሌላ ፈልግልኝ» አሉ። «እትዬ፣ መጀመሪያ ሆዱን እንየው» አልኳቸው። የጀርባውን ክዳን ሳነሳ ዕጣን ሸተተኝ። በማራገቢያውና በሙቀት ማስወጫው መካከል አመድማ አቧራ እንደ ባዘቶ ተጋግሮ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖታል። ላፕቶፑ የሚቀመጠው ከረከቦቱ አጠገብ ነበር፤ ማራገቢያው የከሰሉን አመድና የዕጣኑን ጢስ ለዓመታት ሲስብ ኖሯል።

መፍትሄው፦ አጥፍቶ ከሶኬት መንቀል፣ ከተቻለ ባትሪውን ማላቀቅ፣ ከዚያ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ መጥረግ። አየር ስትነፉበት ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በቀጭን እንጨት ያዙት። በአፍ አትንፉ፤ እርጥበት ይገባል። ዓመታት ያለፉት ከሆነ በማቀነባበሪያው (ስሌቱን በሚሠራው ዋና ቺፕ) ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም ደርቋልና ባለሙያ ይቀይረው። አልጋና ጋቢ ላይ አድርጎ መሥራትም የአየር መግቢያውን ይዘጋል። እትዬ ዛሬም በዚያው ላፕቶፕ ይሠራሉ፤ ቦታው ብቻ ከቡናው ራቅ ብሏል።

ምልክት፦ ለመክፈት ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፤ «አዲስ ግዛ» ተብያለሁ

እዚህ ላይ እባካችሁ አትቸኩሉ። አንድ ላፕቶፕ በዕድሜው ከሚያስከትለው የካርቦን ልቀት አብዛኛው የሚመጣው ከመሠራቱ ነው። አራት ዓመት ሊያገለግል የታሰበው ስምንት ዓመት ቢያገለግል የመሠራቱ ዕዳ በየዓመቱ ሲካፈል በግማሽ ይቀንሳል። ይህን ያህል የሚያተርፍ ሌላ ዘዴ አላውቅም።

የዝግታው ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚሽከረከረው አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው። በኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ማከማቻ ተኩት፤ ራሙ (የሥራ ጊዜ ማህደረ ትውስታው) 4 ጊጋባይት ከሆነና ማሽኑ የሚቀበል ከሆነ ወደ 8 አሳድጉት። ከዚያ በፊት ግን ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሡ የማትፈልጓቸውን ፕሮግራሞችም አስወግዱ።

ሌላው ምክንያት ሶፍትዌር ነው። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ብዙ ደህና ማሽኖች ደግሞ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟሉም። ይህ ግን ማሽኑ ሞተ ማለት አይደለም። ለጽሑፍ፣ ለኢሜይልና ለኢንተርኔት በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የተባለ ሥርዓተ ክወና በነጻ ይጫናል፤ የደህንነት ማሻሻያ ያገኛል፤ የግዕዝ ፊደልም ይጻፍበታል። አንድ የሒሳብ ወይም የቢሮ ፕሮግራም የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ በሊኑክስ መሥራቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ምልክት፦ ቢሮው ተዘግቶ እንኳ ኮምፒውተሮቹ እንደበሩ ያድራሉ

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያለው ማያ ቆጣቢ ምንም አይቆጥብም። አንድ ዴስክቶፕ ከማያው ጋር ያለ ሥራ 70 ዋት ቢስብ በ14 ሰዓት ውስጥ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንዲተኛ አስተካክሉት፤ ማታ አጥፉት።

ምልክት፦ መብራት በሄደ ቁጥር ለአንድ ላፕቶፕ ጀኔሬተር ይነሣል

በእኛ ከተማ ኮምፒውተር አየሩን በቀጥታ የሚበክለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ላፕቶፑ የሚፈልገው ከ30 እስከ 60 ዋት ብቻ ነው፤ ጀኔሬተሩ ግን ሥራ ቢያንሰውም ነዳጅ መብላቱን አይተውም። መብራት ባለ ጊዜ የሚሞላ ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ሶኬት ኤሌክትሪክ የሚቀይር ኢንቨርተር ይሻላል፤ የሚጠራቀመውም ያው የውሃ ኃይል ነው። ለኢንተርኔት መሣሪያው ደግሞ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ወዲያው በባትሪ የሚተካ መሣሪያ) ይበቃዋል። መብራት ተመልሶ ሲመጣ የኃይል መዋዠቅ ዕቃ ያቃጥላልና መከላከያ ያለው ማከፋፈያ ተጠቀሙ።

ምልክት፦ የመዳፊት ሰሌዳው ወይም ክዳኑ ወደ ላይ ተነሥቷል

ባትሪው አብጧል። ወዲያውኑ አጥፉት፤ አትሙሉት፤ አትብሱት፤ አትጫኑት። ባለሙያ ያውጣው። ምክንያቱ እርጅና፣ ሙቀትና ሁልጊዜ 100 በመቶ ሞልቶ መቆየት ነው። አዲሱ ባትሪ ሲሞላ 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም የሚያስችል ማስተካከያ በብዙ ላፕቶፖች አለ።

የወጣውን ባትሪ ከቤት ቆሻሻ ጋር አትጣሉት፤ እሳት ያስነሣል። በብዙ የዩፒኤስ ባትሪዎች ውስጥ እርሳስና አሲድ አለ፤ አሲዱን ሳታፈሱ ከነሙሉነቱ ለባትሪ ሰብሳቢ ስጡ። ገመድም እንዲሁ። መዳቡን ለማውጣት ወንዝ ዳር ገመድ ሲቃጠል አይቻለሁ፤ ጢሱ ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ ልጆች አጠገቡ ቆመው ነበር። ፕላስቲኩ ሲነድ ዲዮክሲን የሚባል መርዝ ይለቃል። አመዱ ደግሞ በክረምት ታጥቦ ወንዝ ይገባል፤ የአንገረብና የቀሃ ውሃ በመገጭ ወንዝ አድርጎ ጣና ነው የሚደርሰው። ገመዱ በቢላ ተልጦም መዳቡ ይወጣል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ዋጋውን አያጣም። እኔ ጋ የሚመጣውን አሮጌ ገመድ ሳልልጥ ለማንም አልሸጥም።